ሽቦዋን የነቀልኩ ዕለት

«እኔ በሰው ቀንቼ አላውቅም» እያልኩ የምፎክር ሰው ነበርኩ። ከእኔ በኋላ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ጓደኛዬ ከእኔ በፊት የራሱን መኪና ሲገዛ፣ «እሰይ፣ የሥራ ያድርግልህ» ብዬ ከሁሉ በላይ የጨፈርኩለት እኔ ነኝ። እኔ የቀናሁት በዕቃ ነው። ሳሙና በምታህል፣ ጥቁር፣ ጥግዋ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም በምትልባት ሣጥን። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፤ ሚስቴም ስቃብኛለች። እኔ ግን በዚያች ሣጥን ቅናት አንጀቴ አርሯል፣ ምግብ አስጠልቶኛል። ከዚያ የባሰ ነገርም አድርጌያለሁ፤ እሱን ነው ዛሬ የምጽፈው።

ከሚሊኒየሙ በኋላ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንዲት እህል ነጋዴ አይሱዙ እነዳ ነበር። እትዬ ነበር የምላቸው። ባላቸው ቀድመው ሞተውባቸዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ያላቸው አንድ መጋዘን፣ አንድ መኪና፣ አንድ የእህታቸው ልጅ እና እኔ ነበርን። እኔን ከዝርዝሩ ውስጥ ያስገባሁት ራሴ ነኝ፤ ግን ያለ ምክንያት አላስገባሁም። አሥራ አንድ ዓመት ነዳሁላቸው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን «ለምን ዘገየህ?» ብለውኝ አያውቁም። የሚሉኝ ሌላ ነበር።

መጀመሪያ ከየሻይ ቤቱ የመስመር ስልክ፣ ኋላ ደግሞ በሞባይል፣ በደረስኩበት ሁሉ እንገናኛለን። ካልደወልኩ እሳቸው ይደውላሉ።

«የት ደረስክ ልጄ?»

«ደምበጫ ገባሁ፣ እትዬ።»

«ተመስገን። በላህ?»

«ገና ነኝ።»

«ገና ነኝ? ባዶ ሆድህን ነው እንዴ ያንን ሁሉ መኪና የምታገላብጠው? ብላ! በልተህ ደውልልኝ።»

እናቴ እንኳ እንደዚያ ብላኝ አታውቅም፤ ነፍሷን ይማርና ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ የምትመግበው ነበራት። «በላህ?» የምትለዋን ጥያቄ ለመስማት ብዬ በልቼም «ገና ነኝ» ያልኩባቸው ቀኖች አሉ። እንግዲህ ይህንን የምጽፈው አርባ ዓመት የሞላኝ፣ ሁለት ልጆች የወለድኩ ሰው ነኝ። ምን ታደርጉታላችሁ!

በዚያ ዓመት የመኪና ስርቆት በዛ። በፊት የምንሰማው የአዲስ አበባ ወሬ ነበር፤ አሁን ግን ወደ እኛ መጣ። የምናውቀው አንድ ሾፌር መንገድ ላይ አስቁመውት «ቁልፉን አምጣ» ቢሉት እምቢ ብሎ ታገለ። ደበደቡት፤ መኪናዋንም ይዘው ሄዱ። እሱ ሆስፒታል ሳምንት ተኝቶ ሞተ። እትዬ ለቅሶው ላይ ተቀምጠው ውለው ሲመለሱ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ ሐዘን ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ የእህታቸው ልጅ መጣ። ባሕር ዳር ምህንድስና ተምሮ የጨረሰ፣ ቀጭን፣ ሲናገር እጁን የሚያወራጭ፣ እኔን «ጋሼ» የሚል ወጣት ነው። ምንም አልበደለኝም። ገና ሲገባ ግን ጠላሁት፤ ምክንያቱም እትዬ ሲያዩት ፊታቸው በራ። አክስቱን «ታቲዬ» አላቸውና አቅፎ ሦስቴ ሳማቸው። እኔ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለዘመን መለወጫ እጃቸውን ነው የሳምኩት።

«ታቲዬ፣ ጂፒኤስ እናስገጥምላት» አላቸው። «መኪናዋ ያለችበት በስልክሽ ላይ ይታይሻል። ቢሰርቋትም በአንድ ሰዓት ውስጥ ሄደን ማምጣት ነው። ሌባም ካወቀ አይነካትም።»

«ሾፌሩ እያለ?» አልኩ እኔ፣ ከበሩ ሥር ሆኜ።

«ጋሼ፣ ሾፌር ከሰው ጋር ይታገላል እንጂ መኪና ከጠፋ በኋላ ምን ያደርጋል?» አለ፣ በትሕትና።

እውነቱን ነው። እውነት መሆኑ ነው ደሜን ያፈላው።

ባሕር ዳር ይዣት የሄድኩት ራሴ ነኝ። ጋራዡ በር ላይ ስንደርስ የእህታቸው ልጅ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ጋሼ፣ አንተ ሻይ ጠጣ፤ የሚገጠምበትን ቦታ ሾፌር አያይም፤ ደንቡ ነው» አለኝ። ልብ በሉ! የዚያችን መኪና ሆድ ዕቃ ከእኔ በቀር የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። የትኛው ቡሎን መቼ እንደላላ፣ የትኛው ፊውዝ በምን እንደተጠገነ እኔን ጠይቁ። «ሻይ ጠጣ!» ሁለት ሰዓት ተቀምጬ ሦስት ብርጭቆ ሻይ ጠጣሁ። ለሚስቴ ስነግራት «ውይ፣ እትዬ ጣውንት አመጡብህ!» ብላ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሣጥኗ በቤታችን ስሟ ጣውንት ሆነ። ሚስቴ የምትለው እየሳቀች ነበር። እኔ ስለው አልስቅም።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ሮብ ገበያ ድንች ልጭን ነው። ስደርስ ስልኬን አወጣሁ። ልደውል አልኩና «ቆይ፣ እሳቸው ይደውሉ» ብዬ ተውኩት። ጭኜ ጨረስኩ፤ አልደወሉም። ቁልቁለቱን ወርጄ ከተማ ስገባም አልደወሉም። መጋዘኑ በር ላይ ስደርስ በሩ አስቀድሞ ተከፍቶ ጠበቀኝ። እትዬ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያንን ልጁ ያመጣላቸውን ሰፊ ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው «ይኸው ገባች!» አሉ። ጎረቤቶቻቸው ከበዋቸዋል። «ወይ ጉድ! እዚህ ተቀምጠው?» ይላል አንዱ። «አሁን ቅድም ዳገቱ ላይ ነበረች እኮ፤ አየኋት!» ይላሉ እሳቸው እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው።

ገባች። አየኋት። ነበረች። እኔስ? እኔ እኮ ውስጧ ነበርኩ!

በላህ ያለኝ የለም። የዚያን ቀን በእርግጥም አልበላሁም ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ሣጥኗን አገኘኋት። ጋቢናው ውስጥ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር እጄን ሰድጄ ዳሰስኩ። ከሬዲዮው ጀርባ፣ በጥቁር ፕላስተር ታስራ አገኘኋት። ብልጭ ድርግም ትላለች። «አንቺ ነሽ?» አልኳት። ብልጭ አለች። «ምን ሠርተሽ ነው? ጎማ ፈትተሽ ታውቂያለሽ? የዓባይን ቁልቁለት በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ወርደሽ ታውቂያለሽ? ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ሌሊቱን በጋቢ ተጠቅልለሽ አድረሽ ታውቂያለሽ?» ብልጭ። ሰው ቢሰማኝ አማኑኤል ሆስፒታል ያስገባኝ ነበር። ማግኘቴን ለማንም አልተናገርኩም። ሚስጥሯን ማወቄ ትንሽ ልቤን ሞላው፤ ቢያንስ አንድ ነገር ከእነሱ ደብቄያለሁ አልኩ።

ታግሼ እቀጥል ነበር። የደምበጫው ነገር ባይመጣ ኖሮ በእርግጥ እቀጥል ነበር።

ገበያ ቀን ነው። ከደምበጫ በቆሎ ጭኜ ስመለስ ሴቶች ማር ይዘው ተቀምጠዋል። እትዬ ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ማር ከነጭ ሽንኩርት ጋር ያሽላቸዋል። ግን በማር ቀልድ አያውቁም፤ ስኳር የገባበትን አሽትተው ነው የሚለዩት። ስለዚህ ወርጄ ከአንዷ ወደ አንዷ ስዞር፣ ስቀምስ፣ ስከራከር ቆየሁና ጥሩውን አገኘሁ። መጋዘኑ ስገባ ማሩን በብብቴ ሸጉጬ ነው፤ ላስደንቃቸው ፈልጌ።

«ደምበጫ ላይ አርባ ደቂቃ ቆመሃል» አሉኝ።

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ዓይናቸው ስልኩ ላይ ነው።

«እንዴት እትዬ?»

«ይኸው፣ እዚህ ላይ ቀይ ነጥብ አለ። አርባ ደቂቃ ይላል። ምን ሆነህ ነው?»

ምን ሆኜ ነው! «ማር ልገዛልዎት ነው» ማለት አንድ ትንፋሽ ነበር። አፌን ቅናት ያዘው። «ሰው አገኘሁ» አልኩና ወጣሁ። ማሩን ወስጄ ለሚስቴ ሰጠኋት። «ለእኔ?» ብላ ደነገጠች። «አዎ፣ ላንቺ!» አልኩ እየተቆጣሁ። ማር እየሰጠ የሚቆጣ ባል አይታ አታውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ደብረ ኤልያስ ጤፍ ላመጣ ወጣሁ። ከከተማው ትንሽ እንደራቅኩ ዳር ያዝኩ። እጄን ሰድጄ ሽቦዋን ነቀልኩ። መብራቷ ጠፋች።

ሌባ ልረዳ አይደለም፤ መኪናዋን ወዴትም ልወስድ አይደለም። ለማንም ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው፦ እንዲደውሉልኝ ብዬ ነው።

ደወሉ! አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ።

«የት ነህ ልጄ? ይሄ ነገር ዝም አለ እኮ! ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ እትዬ። ጠጠሩን መንገድ ይዣለሁ፤ ልደርስ ነው።»

«ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን። ሆዴን ባር ባር አለኝ። በላህ?»

«ገና ነኝ» አልኩ። እንባዬ መጣ። እየነዳሁ በእጄ ጠረግኩት። ሽቦዋን መልሼ ልሰካት ነበር ሐሳቤ፤ ከዚያ ግን «እስኪ ዛሬን» አልኩ። ዛሬን ብቻ፣ ማታ ስመለስ እሰካታለሁ።

ደብረ ኤልያስ ከመግባቴ በፊት ካለች አንዲት ደብር አጠገብ ለቅሶ ገጠመኝ። አስከሬኑን ተሸክመው መንገዱን ሲያቋርጡ ነው የደረስኩት። ሞተሩን አጠፋሁ። «ማን ነው?» ብል፣ ለብዙ ዓመት ጤፍ የሚሸጥልኝ ገበሬ ሆኖ ተገኘ። ባለፈው ሳምንት ከረጢቱን አብረን ያነሣነው ሰው! ጋቢዬን አጣፍቼ ወረድኩ። ቁልፉን ከመኪናዋ አልነቀልኩትም። በሩንም አልቆለፍኩም።

ከተማ የሚኖር ሰው እዚህ ላይ «ምን ዓይነት ሞኝ ነው» ይለኛል። እስኪ እናንተ ሁኑ፦ ሁለት መቶ ሰው ደረቱን እየመታ በፊታችሁ ያልፋል፤ ግማሹ በስም ያውቃችኋል። በዚያ ሁሉ ሐዘንተኛ ፊት ቁልፍ አውጥቶ፣ በር ዘግቶ፣ ቀጭ አድርጎ መቆለፍ «ሌቦች ናችሁ» ማለት አይደለም? በእኛ አገር ለቅሶ ላይ በር የሚቆልፍ የለም። እኔም አልቆለፍኩም። ሬሳውን ተከትዬ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ፤ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ቆሜ፣ አፈር አልብሼ፣ ለቤተሰቡ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ወጣሁ።

መንገዱ ባዶ ነበር።

ደጋግሜ አየሁት። ወደ ላይ ሮጥኩ፤ ወደ ታች ሮጥኩ። የጎማዋ ፋና አቧራው ላይ አለ፤ እሷ የለችም። መንገዱ ላይ ቁጢጥ አልኩ። ከዚያ ነው ሽቦዋ ትዝ ያለችኝ። በስመ አብ! ወንድ ልጅ አያለቅስም ይላሉ፤ እስኪ ያኔ ቆመው ባዩኝ።

ለእትዬ ደወልኩ። «መኪናዋ ተሰረቀች» አልኳቸው። «አንተስ?» አሉ።

«እኔ አለሁ። ቀብር ላይ ነበርኩ።»

«በል ና» አሉ።

ለፖሊስ አመልክቼ፣ በሰው መኪና ከተማ ተመልሼ መጋዘኑ ስደርስ የእህታቸው ልጅ ላብ በላብ ሆኖ ስልኩን ይነካካል። «ጠዋት ከከተማው እንደወጣች ነው ከስልኩ የጠፋችው፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም» ይላል ደጋግሞ። እትዬ ተነሡና ፊቱ ቆሙ።

«አንድ ሰዓት ነበር ያልከኝ! በአንድ ሰዓት እናመጣታለን አላልክም?»

«ታቲዬ፣ ሰው ነቅሏት ነው። ቦታዋን የሚያውቅ ሰው ነው የነቀላት።»

«ቦታዋን የሚያውቀው ማን ነው?»

ልጁ መለሰ፤ የዋህ ነገር ነው፤ «እኔና ገጣሚው ብቻ ነን» አለ።

እትዬ ሰደቡት። እንደዚያ ሲሳደቡ ሰምቼ አላውቅም። «ሌባ! አሻንጉሊት አምጥተህ አሳወርከኝ» አሉት። እኔ እዚያው በሩ ሥር ቆሜያለሁ። መናገር ነበረብኝ፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን በውስጤ አንድ ነገር «እሰይ!» አለ። እውነቱ ይኸው ነው። ሦስቴ ጉንጫቸውን የሳመው፣ ሻይ ጠጣ ያለኝ፣ ቀጭኑ ልጅ አንገቱን ሲደፋ ቅናቴ ጠገበ። «እሰይ፣ ያመጣህብኝን ጣውንት አየናት» አልኩ በልቤ። እትዬ ዘወር ብለው እኔን «አንተ ተቀመጥ፤ ደክሞሃል» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰው። «ልጁ ከስልኩ አጥፍቶ ነው ያሰረቃት» አሉ። «የተማረ ሌባ ነው» አሉ። ሚስቴ እንኳ «ያ ቀጫጫ፣ ፊቱን ሳየው አልወደድኩትም ነበር» አለች። እኔ ዝም። ሁለት ቀን ሙሉ ዝም።

በዚያ ደብር ያሉ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር አንገበገባቸው። እንግዳ ለሬሳቸው ክብር ከመኪናው ወርዶ መኪናው በቀብር ላይ ተሰረቀ፤ ይህ ለእነሱ ከስርቆት በላይ ነው። ስለዚህ በሟቹ ሣልስት ዕለት አውጫጭኝ ተቀመጡ። ላላወቀው፦ አውጫጭኝ ሲባል የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይወጣል፤ ያየም ያላየም አንድ በአንድ ተነሥቶ በመስቀል ፊት የሚያውቀውን ይናገራል። ደብቆ የተገኘ ከዕድርም፣ ከማኅበርም፣ ከሰላምታም ይወጣል። እኔ፣ እትዬና የእህታቸው ልጅም ተጠራን።

ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ ተደርድረዋል። መሐል ላይ የቅኔ ትምህርት ቤቱ የኔታ መስቀል ይዘው ተቀምጠዋል። በመጀመሪያ ልጁን አስነሡት። እጁን አላወራጨም። መስቀሉን ተሳልሞ «ያጠፋሁት ነገር የለም። አክስቴን አልሰርቅም» አለ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። ከኋላ አንዱ «የከተማ ሰው መሐላ!» አለና ጥቂቶች ሳቁ። እትዬ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

ልጁ ተመልሶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሌላ ባዶ ቦታ ሞልቶ ነበር። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ጋሼ፣ አንተ እንኳ ታምነኛለህ አይደል?» አለኝ።

እንዴት ብዬ ልግለጸው። ማንም በጥፊ ቢመታኝ እንደዚያ አያመኝም።

የአገሩ ሰው አንድ በአንድ እየተነሣ «አላየሁም» እያለ ሲቀመጥ ቆየና ተራዬ ደረሰ። የኔታ «ሾፌሩ፣ ያየኸውን» አሉ። ተነሣሁ። መስቀሉን ልሳለም ጎንበስ አልኩ። ሳልሳለም ቀና አልኩ።

«ሽቦዋን የነቀልኳት እኔ ነኝ» አልኩ።

አንድ ሽማግሌ «ሌባውን ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም። ከሌባ ጋር አይደለም። ጠዋት ነው የነቀልኳት፤ ከቀብሩ በፊት።»

«ስለ ምን?» አሉ የኔታ።

ዋሽቶ ማምለጥ ይቻል ነበር። ተሳስቼ ነው፣ ነክቼው ነው ማለት ይቻላል። እትዬን አየኋቸው። «እንዲደውሉልኝ ነው» አልኩ። «ሣጥኗ ከመጣች ወዲህ አይደውሉልኝም ነበር። ቀንቼ ነው።»

ሳቅ የጠበቅኩ መሰለኝ። አንድም ሰው አልሳቀም። የኔታ መስቀሉን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ወደ መሬት አዩ።

ያኔ ከሴቶቹ መካከል አንዲት እናት ተነሡ። «እንግዲያው ልናገር» አሉ። «በስልክ መኪና የሚያጠፉ ትልልቅ ሰዎች ናቸው ሲባል ልጆቼን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። እንዲህ ከሆነ ሌባው የእኛው ሰው ነው። መኪናዋ ወደ ባሕር ዛፉ ስትገባ አይቻለሁ።» የማን ባሕር ዛፍ እንደሆነም ተናገሩ። ሰውዬው ድሮ መንዳት ጀምሮ ያቋረጠ፣ እዚያው መሐል የተቀመጠ፣ ቅድም መስቀል ተሳልሞ «አላየሁም» ያለ ሰው ነበር። ሊሮጥ ሲል ያዙት።

ከዚያ ሜዳ በእግር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ባሕር ዛፉ መሐል ቅጠል ለብሳ ቆማለች። ባትሪዋን፣ ሸራዋንና ትርፍ ጎማዋን አውልቋል፤ ሌላው፣ የተሰካው ቁልፍ ሳይቀር፣ ደህና ነው። የእህታቸው ልጅ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ከሬዲዮው ጀርባ ዳሰሰ። «እዚሁ አለች» አለ ቀስ ብሎ። ሌባው ስለ መኖሯም አላወቀም። ሽቦዋ ባትነቀል ኖሮ ያኔውኑ፣ ቀብሩ ሳይበተን፣ መጥተን እንወስዳት ነበር።

እትዬ አጠገቤ መጡ። እንዲሰድቡኝ ጠበቅኩ። ድምፃቸው ግን ዝቅ ያለ ነበር።

«ያንን የሞተውን ሾፌር ታስታውሰዋለህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እናቱ አጠገብ ነው የተቀመጥኩት። ‹ቁልፉን በሰጣቸው› ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም። አንተን አውቅሃለሁ፤ አትሰጥም። ለብረት ብለህ ትሞትብኛለህ። ለዚህ ነው ሣጥኑን ያስገጠምኩት። ቢመጡብህ ሰጥተሃቸው እንድትመጣልኝ። መኪናዋን በኋላ እፈልጋታለሁ ብዬ ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ።

«መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እያሰብክ እንዳትነዳ ነዋ!» አሉ፣ አሁን ተቆጥተው። ከዚያ ወደ ልጁ አዩ። ልጁ መኪናዋ ላይ የተጫነውን ቅጠል እያነሣ ይጥላል። «ሽቦውን ይቅር ብያለሁ» አሉኝ። «እንደ ልጅ ነህ፤ ልጅም እንደዚህ ያደርጋል። ግን የእህቴን ልጅ፣ ደሜን፣ ሌባ እያልኩ ስሰድብ በሩ ሥር ቆመህ ነበር። ተቀመጥ ስልህ ተቀመጥክ።»

ሄጄ ከልጁ ጋር ቅጠሉን ማንሣት ጀመርኩ።

ባትሪ አምጥተው ገጠሙላት። የምነዳው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነዳኋት። እትዬ በስተቀኝ፣ ልጁ መሐል ተቀምጠው ደብረ ማርቆስ ገባን። መጋዘኑ በር ላይ ሞተሩን አጠፋሁና ቁልፉን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። አሥራ አንድ ዓመት ከኪሴ ያልተለየ ቁልፍ ነው፤ «ያዘው» አላሉኝም፤ ተቀበሉኝ። «ለሚስትህ ሰላም በልልኝ» አሉና ገቡ። ልጁ ወደ ኋላ ቀርቶ እጁን ዘረጋልኝ፤ ጨበጥኩት። ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ ነው የጠበቀችኝ።

«መኪናዋስ?» አለች ገና ከሩቅ።

«ተገኘች» አልኳት።

እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ እልል አለች። ጎረቤቶቹ ሰምተው እየወጡ «እንኳን ደስ አለህ!» እያሉ ተራ በተራ ሳሙኝ፤ እኔም «አሜን፣ አሜን» እያልኩ ተሳምኩ።